በአብዮቱ ልብ ወለዶች ውስጥ የወሎ ሰው ለምን አያፈቅርም?

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

የ1966ቱን አብዮት መቼታቸው ስላደረጉ የፍቅር ልብ ወለዶች አንባቢያን በሥነ ጽሑፍ ዓምዳችሁ ሲለዋወጡት የሰነበቱትን አስተያየት በጥሞና ተከታትያለሁ። አንዳንዱ የፍቅሩ ታሪክ በዘመኑ የፈሰሰውን ደም አቃለለው ሲል፣ ሌላው ደግሞ የስብሰባውና የመፈክሩ ብዛት ፍቅሩን አደበዘዘው ይላል። ሁለቱም ወገኖች ሳያነሡት ያለፉት፣ በተለይ እኛን ወሎዬዎችን የሚነካ ጉዳይ በመኖሩ ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ተነሣሁ።

በቅድሚያ፣ ፍቅር ታሪክን ያቃልላል በሚለው ሐሳብ አልስማማም። እዚህ ደሴ ብዙ ሰው እጅ የገባ የኪራይ መጽሐፍ ገልጦ ያየ ሰው የአንባቢውን ፍርድ ከወረቀቱ ላይ ያነበዋል፤ ፍቅረኞቹ የሚገናኙባቸው ገጾች ጠርዛቸው በጣት ብዛት ጠቁሮ፣ በኅዳጉም በእርሳስ «ምነው ባትለየው!» ተብሎ ተጽፎ ይገኛል፤ የደርጉ ጉባኤ የሚተረክባቸው ገጾች ግን ንጹሕ ናቸው። ይህ ማለት አንባቢው ታሪክ ይጠላል ማለት አይደለም። በታኅሣሥ 1967 ተማሪዎች በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር መሄዳቸውን በትምህርት ቤት የሸመደደ ወጣት፣ ዘመቻው በሰው ኑሮ ላይ ምን እንዳደረገ የሚገባው ከዘማች እጮኛዋ ደብዳቤ የምትጠብቅን ልጅ ታሪክ ሲያነብ ነው። ቀንና ሁኔታ ይከበር የሚሉት አንባቢያን ግን እውነት አላቸው፤ ደርግ የተቋቋመው ሰኔ 21 ቀን 1966 ሆኖ ሳለ ስሙን በየካቲቱ የታክሲ አድማ ላይ የሚያስጠራ ደራሲ ቢኖር መታረም ይገባዋል።

የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ከእነዚህ ልብ ወለዶች እኔ ባነበብኳቸው ውስጥ የሚፋቀሩት የአዲስ አበባ ልጆች፣ በተለይም የስድስት ኪሎ ተማሪዎች ሲሆኑ፣ ወሎ የምትገባው በፎቶግራፍ ብቻ ነው። በእርግጥ ከአብዮቱ መንስኤዎች አንዱ የተነሣው ከዚሁ ነው። ዝናሙ ጠፍቶ ሰብሉና ከብቱ ሲያልቅ፣ ባለመሬቱ ግን ድርሻውን ከጭሰኛው መጠየቁን ባልተወበት በዚያ በ1965 ዓ.ም.፣ ገበሬው ከራያ፣ ከየጁና ከአምባሰል፣ አፋሩም ከቆላው እየተነሣ እህል ፍለጋ ወደ ዋናው መንገድ ወጣ። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ጉዳዩን አደባባይ አወጡት፤ በጥቅምት 1966 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ረሀቡ የሠራው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፤ መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት ደግሞ ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር እየተሰባጠረ ለሀገራችን ተመልካች ቀረበ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ደራሲዎቻችን ይህን ምሽት ይወዱታል። ጥንዶቹ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠው ያለቅሳሉ፣ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ ምዕራፉም ይዘጋል። በምስሉ ላይ የታየችው እናት ግን ስም የላትም፤ ማንን ወድዳ እንዳገባች፣ ባሏ ከመንገድ ቀርቶባት እንደሆነ ደራሲው አይጠይቅም፤ በዓምዳችሁ አስተያየት ከሰጡት አንባቢያን መካከልም የጠየቀ አላገኘሁም።

የሀገራችን ዘፋኝ ፍቅሩን የሚያዜምባቸው አምባሰልና ባቲ በእኛው አገር ስም የሚጠሩ ቅኝቶች ሆነው ሳለ፣ ወሎ በልብ ወለድ ውስጥ ፍቅር የማያውቅ አገር መምሰሉ ያሳዝነኛል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በሚጋባበት፣ በሠርጉም ዳስ ለሁለቱ ወገን ሥጋው ለየብቻ ታርዶ ለየብቻ በሚሠራበት አገር ለደራሲ የሚሆን ነገር ሞልቷል። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጥቶ ጭሰኝነት ሲቀር፣ የባለመሬቱን ልጅ ሲወድ አፍ አውጥቶ ለመናገር ያልደፈረ የጭሰኛ ልጅ በዚያ ሰሞን ሽማግሌ ልኮ እንደሆነ ማን ጻፈልን? ከ1977ቱ ረሀብ ጋር በመጣው ሰፈራ ባልና ሚስት በየፊናቸው ተጭነው ስለተለያዩባቸው ቤቶችስ? (እናቴ ስለ 1965 ስትጠየቅ አስቀድማ የምታነሣው በዚያ ዓመት ሳይደገስ የቀረውን የእኅቷን ሠርግ ነው።)

የተራበ ሰው ፍቅር መጻፍ ሐዘኑን መድፈር ነው የሚል እንደሚኖር እገምታለሁ። ሆኖም የራበው ሰው ባልነቱ፣ ሚስትነቱ፣ እጮኛነቱ ከእርሱ ጋር ነው፤ ይህን ነጥቆ አጥንቱን ብቻ ማሳየት ይበልጥ ክብሩን ይነካል ብዬ አምናለሁ።

ያን ዘመን በዓይናቸው ያዩ እናቶችና አባቶች ከኮምቦልቻ እስከ ወልድያ ዛሬም አሉ፤ ደራሲያን መጥተው ቢጠይቋቸው ይነግሯቸዋል። ዝግጅት ክፍሉም በዚያ ዘመን ስለተጋቡና ስለተለያዩ ወሎዬዎች አንባቢያን ከወላጆቻቸው የሰሙትን ጽፈው እንዲልኩ በዓምዱ ላይ ጥሪ እንዲያደርግልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። በደሴና በአካባቢዋ ያሉትን ለማሰባሰብ እኔ ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከደሴ