የሰፈሮቻችን ስም መዝገብ፦ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

በመስከረም የዓመቱን እቅድ ስናወጣ ከቀረቡት ሐሳቦች ሁሉ ልባችንን የነካው የአንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሐሳብ ነበር። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ሲነሣ ቤተሰቧ ከከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ሄዷል። «ሰፈሩ ለምን ዶሮ ማነቂያ እንደተባለ አያቴ ታውቃለች፤ እኔ ግን ጠይቄያት አላውቅም። አሁን ጎረቤቶቿ ሁሉ ተበታትነዋል» አለችን። ከዚያ በኋላ ሌላ ሐሳብ ያቀረበ የለም። የአዲስ አበባ ሰፈሮች ስማቸውን ከየት እንዳገኙ ከወላጆችና ከአያቶች በፎርም ልንሰበስብ፣ የተሰበሰበውንም ማንም እንዲያነበው በትምህርት ቤታችን ድረ ገጽ ላይ ልናወጣ ተስማማን። የአማርኛ ክበብ አባላትም አብረውን ገቡ።

ድረ ገጻችን የተሠራው ዎርድፕረስ በሚባል የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር ነው። ዎርድፕረስ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ የሚሰራጭ ሲሆን ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ የሚበልጡት በእሱ ላይ የቆሙ ናቸው፤ ስለዚህ ልጆቹ ቢለምዱት ነገ እንጀራ ሊሆናቸው ይችላል ብዬ አምናለሁ። ፎርሙን መሥራት የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነበር። የሰፈሩ ስም፣ ታሪኩ፣ የተናጋሪው ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክ፣ በመጨረሻ «ላክ» የሚል ቁልፍ፤ አለቀ። በጥቅምት መጀመሪያ 40 ያህል ተማሪዎች ቤታቸው ጠይቀው ሞሉ። መልሶቹን ለማየት ስንከፍት ግን ምንም የለም። የጫንነው ነጻ ፕለጊን (በዎርድፕረስ ላይ የሚጨመር ተቀጥላ ፕሮግራም) የተሞላውን ሁሉ በኢሜይል የሚልክ እንጂ ዳታቤዝ ውስጥ የሚያስቀምጥ አልነበረም፤ ኢሜይሉ ደግሞ ማንም ወደማይከፍተው አሮጌ አድራሻ ሲሄድ ከርሟል። የአድራሻው ፓስወርድ ስለጠፋ መልሶቹም አብረው ቀሩ። ከቀሩት መካከል አንድ ተማሪ ከታመሙ አያቱ እየጠየቀ በሁለት ቀን ጽፎ ያመጣው ይገኝበታል። ዳግመኛ ሄዶ ጠይቆ አምጥቷል፤ አያቱም እግዜር ይስጣቸውና ሳይሰለቹ እንደገና ነግረውታል።

ይህ ጥፋት የእኔ ነው፤ ልጆቹ መሙላት ከመጀመራቸው በፊት መልሱ የት እንደሚያርፍ ማየት ነበረብኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሦስቱን ነገሮች ለይተን መጥራት ጀመርን፦ መቀበል፣ ማስቀመጥ፣ ማሳየት። አንድ ፕለጊን አንዱን በደንብ ሠርቶ ሌሎቹን ጨርሶ ላይነካቸው ይችላል። የሚያሟሉ አሉ፤ ለምሳሌ ግራቪቲ ፎርምስ የተቀበለውን ግራቪቲ ቪው በሠንጠረዥ ወይም በዝርዝር መልክ ገጽ ላይ ያወጣዋል። ሁለቱም ግን በየዓመቱ በዶላር የሚከፈልባቸው ናቸው፤ ያ ለእኛ ክበብ አይታሰብም። ስለዚህ ማስቀመጫውንና ማሳያውን ራሳችን ለመሥራት ቆረጥን።

ብዙዎቹ ልጆች ፕለጊን የሚባለው ነገር የውጭ ኩባንያ ብቻ የሚሠራው ይመስላቸው ነበር። ፕሮጀክተሩን አብርቼ ባዶ ፋይል ላይ ዎርድፕረስ የተጻፈበትን የኮድ ቋንቋ የፒኤችፒን መክፈቻ፣ ከሥሩ በአስተያየት መስመር የፕለጊኑን ስም ብቻ ጻፍኩና ፕለጊኖች በሚቀመጡበት ፎልደር ውስጥ ከተትኩት። ገጹን ሳድሰው ከሌሎቹ ፕለጊኖች ተርታ «የሰፈር መዝገብ» የሚል ስም ተሰልፎ ታየ። ገና ምንም አይሠራም፤ ግን አለ። ከዚያ ወዲያ ልጆቹ በየሐሙሱ ጥቂት ጥቂት መስመር እየጨመሩበት ሄዱ። ፎርሙ ሲላክ መልሱን ተቀብሎ ሠንጠረዥ ውስጥ የሚያስገባው ክፍል ኅዳር ላይ አለቀ፤ ከሠንጠረዡ አውጥቶ የሚያሳየው ደግሞ ታኅሣሥ ላይ።

ማሳያው የሚጠራው በሾርትኮድ ነው። ሾርትኮድ በገጹ ጽሑፍ መካከል በማዕዘን ቅንፍ የምትጻፍ አንዲት ቃል ናት፤ ዎርድፕረስ ቃሏን ሲያገኝ በእሷ ቦታ መልሶቹን ይተካል። አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ «በአማርኛ ብንጽፋትስ?» ብሎ ጠየቀ። እንደማይሆን እርግጠኛ ነበርኩ፤ ቢሆንም ሞክር አልኩት። [የሰፈር_መዝገብ] ብሎ ጻፈ፤ ገጹን አደሰ፤ የመጀመሪያዋ መልስ፣ የሰባራ ባቡር ታሪክ፣ ስክሪኑ ላይ ቁጭ አለች። በዚያ ቀን ኮምፒዩተር ላቡ ውስጥ የተሰማው ጩኸት ርእሰ መምህሩን ከቢሯቸው አስወጥቷቸዋል።

ስምና ቀን ብዙም አላስቸገሩንም። «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» የሚሉትን ሳጥኖች አንሥተን ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም አደረግናቸው። ፒኤችፒ ውስጥ ኢንትል የሚባለው ክፍል የእኛን የዘመን አቆጣጠር ያውቃል፤ ድረ ገጽን በራስ ኮምፒዩተር ላይ ለማስኬድ በሚያገለግለው በላቡ ዛምፕ ላይ ተዘግቶ ስለነበር መክፈት ብቻ ነው የጠየቀን። ጳጉሜንን ሳይቀር በትክክል ያወጣል።

ያስቸገረን ፊደሉ ነው። መፈለጊያውን እንደጨረስን አንዲት ተማሪ «ሰራተኛ ሰፈር» ብላ ብትፈልግ ምንም አልወጣላትም፤ ታሪኩን የላኩልን አዛውንት «ሠራተኛ ሰፈር» ብለው በንጉሡ ሠ ነው የጻፉት። ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ኮምፒዩተሮች ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጡበት በዩኒኮድ ሰሌዳ ላይ ግን ሠ 1220፣ ሰ ደግሞ 1230 የሚል ቁጥር ያላቸው ለየቅል ፊደላት ናቸው። ሀ፣ ሐና ኀ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። አንዳንድ ልጆች ሁሉንም ወደ አንድ ፊደል መልሰን እናስቀምጥ አሉ። የአማርኛ መምህራችን አጥብቀው ተቃወሙ፦ «ሰውዬው በንጉሡ ሠ የጻፉት አውቀው ነው፤ እናንተ በምን ሥልጣን ታርሟቸዋላችሁ?» ክርክሩ ሁለት ሐሙስ ፈጀ፤ እኔም ከእሳቸው ጋር ነበርኩ። መፍትሔው ሁለት አምድ ሆነ። በአንደኛው መልሱ እንደተጻፈ ይቀመጣል፤ ለአንባቢ የሚታየው እሱ ነው። በሁለተኛው ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ወደ አንድ ተመልሰው ይቀመጣሉ፤ ፍለጋው የሚካሄደው እዚህኛው ላይ ነው፤ ገጹ ላይ አይወጣም። አሁን ፈላጊው በየትኛውም ሰ ቢጽፍ የአዛውንቱ ጽሑፍ ሳይነካ እንዳለ ይመጣለታል።

ከጥምቀት በኋላ ገጹን ለሕዝብ ከፈትነው። በማግስቱ ምሽት ስልኬ ጠራ፤ የአንድ ተማሪ እናት ናቸው። «መምህር፣ የእናቴን ስልክ እዚያ ላይ የለጠፈው ማን ነው? ከትናንት ጀምሮ የማናውቀው ሰው እየደወለ ነው» አሉኝ። ላፕቶፔን ከፍቼ አየሁት፤ እውነታቸውን ነው። በየመልሱ ግርጌ፣ ከታሪኩና ከዕድሜው ቀጥሎ፣ ስልክ ቁጥር ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ምክንያቱ አንዲት የኮከብ ምልክት ነበረች። ልጆቹ ከሠንጠረዡ መልስ ሲያወጡ የአምዶቹን ስም በመዘርዘር ፈንታ «ሁሉንም አምጣ» የምትለዋን ኮከብ ጽፈዋል፤ ከሥሯ ያለው ኮድ ደግሞ የመጣለትን አምድ ሁሉ እየደረደረ ያሳያል። ስንሞክረው ያላየነው በሙከራ መልሶቻችን ላይ የስልኩን ቦታ ባዶ ስለተውነው ነው።

ገጹን በዚያው ምሽት ዘጋሁት። በማግስቱ ከሁለት የክበቡ አባላት ጋር እቤታቸው ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። ቡና አፍልተው ተቀበሉን። አያትየዋ ልጆቹን አጠገባቸው አስቀምጠው «ልጆቼ፣ ታሪኩን የነገርኳችሁ ለሰው ሁሉ ነው። ስልኩን የሰጠሁት ግን ለእናንተ ነው» አሏቸው። በተመለስንበት መንገድ ላይ ከሁለቱ ልጆች አንዳቸውም አልተናገሩም።

ሥራውን ከሥሩ ፈትተን እንደገና የሠራነው በዚህ ቃላቸው ነው። ኮከቧ ወጣች፤ የሚታዩት አምዶች አንድ በአንድ በስማቸው ይጠራሉ፤ ያልተጠራ አይወጣም። ስልክ፣ ዕድሜ፣ የአባትና የአያት ስም ከማሳያው ቀሩ። ፎርሙ ላይ «ታሪኬ በድረ ገጹ እንዲወጣ ፈቅጃለሁ» እና «ስሜ አብሮ እንዲወጣ ፈቅጃለሁ» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ጨመርን፤ ሁለቱም ባዶ ሆነው ነው የሚቀርቡት፣ ምልክት የሚያደርገው ባለቤቱ ነው። ስለ ግል መረጃ ጥበቃ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አንድ ሐሙስ ቁጭ ብለን አብረን አነበብን። በመጨረሻም «ጸድቋል» የሚል አምድ ገባ። አዲስ መልስ ሲመጣ በዚህ አምድ ላይ 0 ነው፤ ከሁለቱ ክበቦች አንድ አንድ ተማሪ አንብበው 1 ካላደረጉት በገጹ ላይ አይታይም። የራሱን ቤተሰብ መልስ ማንም አያጸድቅም፤ ይህን ሕግ ያወጡት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው።

ማጽደቂያው በተከፈተ በሳምንቱ አንድ የ12ኛ ክፍል ልጅ ታሪክ በሚጻፍበት ሳጥን ውስጥ ጃቫስክሪፕት የሚባል በድረ ገጽ ላይ የሚሠራ ኮድ ጽፎ ላከ፤ አጽዳቂዎቹ ገጹን ሲከፍቱ ብቅ የሚል መስኮት ተቀበላቸው። አስጠራሁትና ያደረገውን ለሁሉም በሰሌዳው ላይ እንዲያስረዳ ጠየቅሁት። በደንብ አስረዳ። ሰው የጻፈው ሁሉ ከመታየቱ በፊት የኮድ ምልክቶቹ ወደ ተራ ጽሑፍ እንዲለወጡ የሚያደርገውን መስመር የጨመረው እሱ ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም አባላችን ሆኗል።

ገጹ የካቲት ላይ እንደገና ተከፈተ፤ እስከ ሰኔ 117 መልሶች ጸድቀዋል። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት፣ ካዛ ኢንቺስ ከሚለው መሆኑን ብዙ ሰው ጽፎልናል። ሰባራ ባቡር ላይ በአፄ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣውና ተሰብሮ የቀረው የእንፋሎት ባቡር ይነሣል። ለአንድ ሰፈር ሁለትና ሦስት የማይገናኝ ታሪክ የመጣበት ጊዜም ብዙ ነው። አንዱን መርጠን ሌላውን እንድንጥል የመከሩን ነበሩ፤ እኛ ግን ሁሉንም ጎን ለጎን አውጥተናል። ማጽደቅ ማለት ፈቃድ መኖሩን፣ ስድብ አለመኖሩን ማየት ነው፤ የሽማግሌን ትዝታ ለመዳኘት የ16 ዓመት ልጅም እኔም አልበቃንም።

ሚያዝያ ላይ ለቤተ መጻሕፍቱ የሚሆን ጥራዝ ለማተም መልሶቹን በሲኤስቪ (በኮማ በተለያየ ተራ የጽሑፍ ፋይል) አውጥተን በኤክሴል ብንከፍተው አማርኛው በሙሉ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆነ። ፋይሉን ጠቅ አድርጎ ከመክፈት ይልቅ በዳታ ማስገቢያው በኩል ዩቲኤፍ-8 የሚባለውን የዩኒኮድ አጻጻፍ መርጦ ማስገባት ይበቃል። ሌሎች ክበቦችም የአባላት ዝርዝር ሲያወጡ ስለሚገጥማቸው ነው እዚህ ላይ የማነሣው።

31 መልሶች ገና አልጸደቁም፤ አብዛኞቹ የፈቃድ ሳጥኑ ባዶ ስለሆነ ደውለን መጠየቅ አለብን፤ የመስከረም ሥራ ነው። ዶሮ ማነቂያ እስከ ግንቦት ድረስ ሁለት ታሪክ ነበረው። ሦስተኛው የመጣው ሐሳቡን ካነሣችው ተማሪ አያት ነው። ልጅቷ እየጠየቀች በስልኳ ጻፈችው፤ ሳጥኖቹ ላይ ስትደርስ ስልኩን ለአያቷ ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም በጣታቸው ሁለቱንም ነኩ። የራሷ ቤተሰብ ስለሆነ እሷ ልታጸድቀው አልቻለችም። ሰኔ 12 ቀን፣ በመጨረሻው ሐሙሳችን፣ ከአማርኛ ክበብ የመጣ ልጅ አጠገቧ ተቀምጦ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበላትና 1 አደረገው።