ቡና የምታፈላው ሮቦት እና የተቆለፈው ክፍል

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

በሐምሌ 2016 ዓ.ም ስለተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች (ለኮምፒውተር ትእዛዝ የሚጽፉ ሰዎች) ሥልጠና የምትጽፉትን አነባለሁ። ጥሩ ነገር ነው። እኔ ግን የማስተምረው 4ኛ ክፍል ነው። ሥልጠናው የታሰበው ለወጣቶች ነው፤ የእኔ ተማሪዎች ገና አስር ዓመታቸው ነው። ስለ እነሱም አንድ ሰው ይጻፍ ብዬ ነው ይህን የላክሁት።

በየክፍሉ አንድ ሁለት አይጠፉም። የሂሳብ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ፊቴን ሳላዞር ጨርሰው እርሳስ የሚቀርጹ ልጆች። ከዚያ ይሰለቻቸዋል። ጎናቸው ያለውን ይነካካሉ፣ ይስቃሉ፣ ጠረጴዛ ይደበድባሉ። እኛ መምህራን እንዲህ ያለውን ልጅ የክፍል አለቃ እናደርገውና የረባሽ ስም ሲጽፍ ይውላል። ወይም ሌላ ሃያ ጥያቄ እንጨምርለታለን፤ ቶሎ በመጨረሱ ተቀጣ ማለት ነው። ወላጅ ደግሞ «ደብል ይምታ» ይላል። ደብል የመታ ልጅ ላይኛው ክፍል ሲገባም የሚጠብቀው ያው ከሰሌዳ መገልበጥ ነው።

አምና ዐርብ ዐርብ በክበብ ሰዓት አንድ ጨዋታ ጀመርን። ኮምፒውተር አልነበረንም። አንዷ ልጅ ሮቦት ትሆናለች፤ የቀሩት ቡና እንድታፈላ ትእዛዝ ይጽፉላታል። ሕጉ አንድ ነው፦ ሮቦቷ የተጻፈላትን ብቻ ታደርጋለች፣ ከራሷ ምንም አትጨምርም። ጀበናው የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው፣ ረከቦቱ የተገለበጠ ካርቶን። የመጀመሪያው ትእዛዝ «ቡናውን ቁዪ» ይላል። ሮቦቷ ዝም ብላ ቆመች። በምን ትቁላው? እሳቱን ማን አያያዘው? «ውኃ ጨምሪ» ሲሏት ክዳኑን ሳትከፍት ጠርሙሱ ላይ አፈሰሰችው። ክፍሉ በሳቅ ሊፈርስ ነበር።

ሦስት ሳምንት አረሙት። አንድ ቀን ከኋላ የሚቀመጥ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልን ሦስት ጊዜ ለምን እንጽፋለን? አንዴ ጽፈን ሦስቴ ድገሚ ብንላትስ?» አለኝ። ሌላዋ ወዲያው ተነሣችበት። «አይሆንም! ሦስቴ ልትቆላ ነው እንዴ?» ልክ ናት። ቡና የሚቆላውም የሚወቀጠውም አንዴ ነው። የሚደገመው ውኃ መጨመሩ፣ ማፍላቱና መቅዳቱ ነው። እና ድግግሞሹ ከየት ይጀምር በሚለው ላይ ሰዓቱ እስኪያልቅ ተከራከሩ። የኮምፒውተር ሰዎች ይህን «ሉፕ» ይሉታል። የእኔዎቹ «በረካ» አሉት። ዛሬም ሂሳብ ላይ የሚደጋገም ነገር ሲያዩ «ይሄማ በረካ ነው» ይላሉ።

ሐሳቡን ያመጣው ልጅ ደረጃው ከመካከል አልፎ አያውቅም። ጎበዝ ተማሪ እያልሁ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡትን ብቻ ሰብስቤ ቢሆን ኖሮ ዐርብ ከሰዓት ኳስ ሜዳ ነበር የሚገኘው።

ጨዋታው ወደ ኮምፒውተር ሲዛወር ስክራች ይሆናል። ስክራች በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ1999 ዓ.ም የወጣ ነፃ ፕሮግራም ነው። ከ8 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች የታሰበ ነው። ኮዱ በፊደል አይጻፍም፤ ባለቀለም ብሎኮች እየተጎተቱ ይገጣጠማሉ። አማርኛም አለው። አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። እኔን የገረመኝ ግን የቃላቱ ነገር ነው። ሥዕሉ የሚንቀሳቀስበት ቦታ «ስቴጅ» ይባላል፣ መድረክ ማለት ነው። የገጸ ባሕርይው መልክ «ኮስቹም»፣ ከጀርባ ያለው ሥዕል «ባክድሮፕ»፣ የትእዛዙ ዝርዝር «ስክሪፕት»። አንዱ ገጸ ባሕርይ መልእክት ይልካል፣ ሌላው ያን ሲሰማ ተራውን ይጀምራል። ይሄ እኮ ቴአትር ነው!

የእኛ ድራማ ክበብ ግን ዓመቱን ተኝቶ ለወላጆች ቀን ይነቃል። መምህሩ ስለ ኩረጃ ጎጂነት ይጽፋል፣ ልጆቹ ይሸመድዳሉ። ሁልጊዜ አንድ ሰካራም አባት አይጠፋም። የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ቴአትር፣ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የደረሱት፣ እንስሳት የሚናገሩበት ነበር። ልጆች ደግሞ አያ ጅቦንና እመት ጦጢትን ከቤታቸው ይዘው ነው የሚመጡት። ለምን ራሳቸው አይጽፉም? ፈጣን ልጅ የሚቸግረው ሌላውን መጠበቅ ነው። መድረክ ላይ ግን ጓደኛው ሳይጨርስ እሱ መናገር አይችልም። ይህን በቁጣ ሳስተምር ስንት ዓመቴ፤ አልሆነልኝም። ዘንድሮ ራሳቸው የጀመሩት ድራማ በሁለት ዐርብ አስተማራቸው።

«ልጆች ማሽን ያበላሻሉ» የሚለኝ አለ። በ2004 ዓ.ም ወንጪ እና ወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላልነበራቸው ልጆች ያለ አስተማሪ ታብሌት ታድሎ ነበር። ያደለው ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ (አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ) የተባለው ድርጅት ነው። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት፣ አንዱ ልጅ በ4 ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። በ5 ወር ውስጥ ደግሞ እንዳይሠራ የተዘጋውን ካሜራ ከፈቱት። ልጅ መክፈቱን ያውቅበታል። ከከፈተ በኋላ «እስኪ አሳየኝ፣ ለምን እንዲህ አደረግኸው?» የሚለው ሰው ነው የሚያስፈልገው።

እኔ ባለሁበት ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍሉ ተቆልፏል። የክወናና የእይታ ጥበባት ትምህርት ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ አለ፤ የኮምፒውተር መጽሐፍ የሚመጣው ግን 7ኛ ክፍል ነው። ስለዚህ «ለትልልቆቹ ነው» ይባላል። ትልልቆቹም ብዙ አይገቡበትም፤ ማሽኖቹ ጨርቅ እንደለበሱ እያረጁ ነው። ገንዘብ ያለው ወላጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጁን ኮዲንግ ያስተምራል። የበረካው ልጅ እናት ጉሊት ነው የምትሸጠው።

ዘንድሮ ለወላጆች ቀን ልጆቹ የራሳቸውን ድርሰት ጽፈው ጨርሰዋል። አያ ጅቦ እመት ጦጢት ቤት ቡና ሊጠጣ ይመጣል፤ የምታፈላው ሮቦቷ ናት። በረካ ሳይደርስ ልሂድ ሲል በሩ አልከፈት ይለዋል፤ «ሦስቴ ድገሚ» ተብላለቻ። ከጀርባ የሚታየውን ጫካ በስክራች ሊሠሩት አስበዋል። ለርእሰ መምህሩም ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትም ጽፌያለሁ፤ ሦስተኛው ይህ የእናንተ ነው። የጠየቅሁት ሁለት ኮምፒውተር፣ ዐርብ ዐርብ አንድ ሰዓት እና ቁልፉን ነው።

ከአንድ የ4ኛ ክፍል መምህር
አዲስ አበባ