ኮብልዬ አይደለም፣ አባባ

ለምወድዎ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያነብልዎ ማሙሽ መሆኑን አውቃለሁ። ማሙሽ፣ ቀስ ብለህ አንብብ። የሚያስቅ ነገር ስታገኝ መጀመሪያ ለአባባ አንብብላቸው፤ ከዚያ ትስቃለህ።

ባለፈው «ኮብልለሽ ልትሄጂ ነው ወይ?» አሉኝና ስልኩን ዘጉት። መልሼ ብደውል አላነሱም። አክስቴ እንደነገረችኝ ስልኩን ከመደቡ ሥር ከተውት እስከ ማታ ድረስ ሲጮህ ነበር። ስለዚህ በወረቀት መጣሁ። ወረቀት አይዘጋም።

አባባ፣ ኮበለለች የሚባለው ለቤተሰብ ሳትናገር የጠፋች ናት። እኔ ሰርጌን አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ እንደማደርግ ነግሬዎታለሁ። ልጁን ያውቁታል፤ ሽማግሌም ልኮ እሺ ብለውታል። አሁን ደግሞ የበቅሎ ብዛት ላማክርዎ ነው። አባቷን ስለ በቅሎ እያማከረች የኮበለለች ልጅ የት አለች?

ድንኳን ያልፈለግሁበትን ምክንያት ያውቁታል፤ ግን አንስተነው አናውቅም። የወንድሜ ሰርግ ጊዜ ድንኳኑ ሦስት ቀን ተተክሎ ነበር። ሰው ሁሉ ጠግቦ፣ ጨፍሮ፣ መርቆ ሄደ። ሁለቱ በሬዎችም በዚያው ሄዱ። ክረምቱ ሲገባ የጎረቤት በሬ ለምነው ሲያርሱ ከደጃፉ ቆሜ አየሁዎት። ምንም አላሉም። እኔም ምንም አላልኩም። ያን ጊዜ ነው በልቤ የወሰንኩት።

ተራራው ደግሞ የአንቱ ጥፋት ነው። ፈረንጅ ይዘው አቡነ ዮሴፍ ወጥተው ሲመለሱ፣ ጋቢዎ ጭስ ጭስ እየሸተተ፣ ስለ ጭላዳውና ስለ ቀይ ቀበሮው ሲያወሩኝ ነው ያደግሁት። ስለዚያ ረጅም የተራራ ተክልም «ጅብራው እንደ ሰው ቆሞ ያይሻል» ይሉኝ ነበር። እወስድሻለሁም ብለውኝ ነበር። ከዚያ ትምህርት መጣ፤ ከዚያ አዲስ አበባ፤ ከዚያ ጉልበትዎ። እማማንም፣ ነፍሷን ይማርና፣ በበቅሎ ጋራ አሻግረው እንዳመጧት የነገሩኝ አንቱ ነዎት። የእኔ አዲስ ነገር የቱ ጋ ነው?

ቀኑ ከጥምቀት በኋላ ነነዌ ሳይገባ እንዲሆን አስበናል። ገና ላይ ከተማው በምእመን ስለሚጨናነቅ አይታሰብም፤ በጾም ደግሞ ሰርግ የለም። ጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ በልጉም ገና አልደረሰም። ብርዱ ግን ብርድ ነው።

አርብ ዕለት የክብር መዝገብ ሹም ዘንድ እንፈርማለን። በቤተሰብ ሕጉ ለእኔ ሁለት፣ ለእሱ ሁለት ምስክር ያስፈልጋል። ወደ ተራራው ይዘን የምንወጣውም እነዚሁኑ አራቱን ነው፤ ከመንገድ መሪውና ከበቅሎ ነጂው ጋር። ከወር በፊት ማስታወቅ ስላለብን ወረቀቱን ጀምሬዋለሁ። እኔም እሱም ላሊበላ አንኖርም፤ ሆኖም የአንዳችን ወላጅ የሚኖርበት ቦታ ላይ መጋባት ይቻላል። ስለዚህ የሚያስፈልገው የአንቱ መታወቂያ ነው። ያለ አባቷ መታወቂያ መኮብለል ያልቻለች ልጅ ብለው ይሳቁብኝ። አርብ ፈርመን ቅዳሜ ስለምንወጣ በሕግ ባልና ሚስት ሆነን ነው፤ አክስቴን በዚህ ያረጋጉልኝ። ስለ ቁርባኑ ከንስሐ አባታችን ጋር እየተነጋገርን ነው፤ እሱ በጊዜው በቤተ ክርስቲያን ነው። ተራራ ላይ ተክሊል አልጠይቅም።

አሁን ወደ ጓዙ ልምጣ። ዋናው የጻፍኩበት ጉዳይ ይህ ነው።

ላሊበላ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። የአቡነ ዮሴፍ ጫፍ ከ4,200 ይበልጣል። 1,000 ሜትር ከፍ ባሉ ቁጥር ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ይቀንሳል። ከተማው ቀን ላይ 22 ዲግሪ ቢሆን ጫፉ 11 ገደማ ነው ማለት ነው፤ ያውም ነፋሱን ሳንቆጥር። ሌሊት ውርጭ ይጥላል። አንቱ ይህን ያለ ቁጥር ያውቁታል። «ሁለት ጋቢ ውሰድ፣ አንዱን ለራስህ አንዱን ለሰነፉ» ይሉ ነበር። እኔ ስምንት ሰው አለኝ፤ ስንቱ ሰነፍ እንደሆነ ግን ገና አላውቅም።

ቀሚሴን ሽሮ ሜዳ አሠርቻለሁ። ጥልፉ ከታች ይከብዳል። ድንጋይ እንዳይጠርገው ከቁርጭምጭሚቴ ከፍ አስደርጌዋለሁ። ሰፊው «ሙሽራ እግሯ ይታያል እንዴ?» አለኝ። የሚታየው እግሬ ሳይሆን ቡትስ ጫማዬ ነው ብዬው ደነገጠ። ከቀሚሱ ሥር ሁለት ታይትና የሱፍ ካልሲ እለብሳለሁ። ጥለቱ እንዳይሰበር አላጥፈውም፤ በንጹሕ አንሶላ ጠቅልዬ፣ በላስቲክ ሸፍኜ፣ በማዳበሪያ ከረጢት እከተዋለሁ። ከጭነቱ ሁሉ በላይ እሱ ይቀመጥ። ነጠላዬን ነፋስ እንዳይወስደው አንድ ካርድ ሙሉ መርፌ ቁልፍ ገዝቻለሁ። ቀለበቶቹን እስከ ጫፉ ድረስ በክር አንገቴ ላይ አንጠለጥላቸዋለሁ፤ ብርድ ጣትን ስለሚያኮማትር ሾልኮ ገደል የሚገባ ቀለበት አልፈልግም።

ምግቡን በተመለከተ፣ «ጋራ ላይ ሽንብራ አይበስልም» ይሉን የነበረው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃው በ86 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ይንተከተካል እንጂ ሙቀቱ አይበቃም። ስለዚህ የሚቀቀል ነገር አልይዝም። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ። ሻይ በሁለት ፔርሙዝ። ለቡናው ጀበና ይሰበራል ብዬ ማንቆርቆሪያ አስቤያለሁ። ማሙሽ፣ ይህችን ለአክስቴ አታንብብላት። የተራራውን አስታ ለማገዶ ስለማንቆርጥ ትንሽ የጋዝ ምድጃ እንይዛለን። የያዝነውን ቆሻሻ ሁሉ ይዘን እንወርዳለን።

ውሻችን እንዳይከተለን ማሙሽ ይሰረው። ቀልዴን አይደለም። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ብቻ ነው፤ ያለውም እኛው አገር ብቻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ተጋብቶበት ነው በብዛት የሚያልቀው።

የሚያሳስበኝ ሙሽራው ነው። ሐዋሳ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፤ ሐዋሳ ደግሞ 1,700 ሜትር ገደማ ናት። እኔ አዲስ አበባ ስለምኖር ትንሽ ይሻለኛል። ከፍታ ደግሞ ጎበዝና ሰነፍ አይለይም፤ ራስ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል። ለዚህ ብለን ሰኞ ገብተን አራት ቀን ላሊበላ እንቀመጣለን። ወደ ላይም ባንድ ቀን አንወጣም፤ ሁለት ሌሊት መንገድ ላይ አድረን ሰኞ ጎህ ሲቀድ ነው ጫፉ ላይ የምንቆመው። ራሱን ካመመው ከዚያ በላይ አንሄድም። ካልተሻለው እንወርዳለን። ሰርጉም በወረድንበት ሜዳ ላይ ይሆናል፤ ጅብራው ካለ ይበቃኛል። ጫማውን አዲስ ገዝቶ ካርቶኑ ውስጥ አስቀምጦት ስላገኘሁት ተጣልተናል። አዲስ ጫማ ተራራ ላይ እግር ይልጣል። አሁን በየቀኑ ቢሮ አድርጎት ይሄዳል። «ዘመቻ ነው?» ይሉታል።

ለፀሐዩ ባርኔጣና ሰንስክሪን ይዣለሁ። ብርዱ ያታልላል እንጂ እዚያ ላይ ፀሐዩ ከከተማው ይብሳል። ፊቴ ተልጦ መልስ ላይ ብቀመጥ አክስቴ ዕድሜ ልኬን ታነሳዋለች። የራስ ባትሪ ለእያንዳንዱ ሰው፤ ፋሻ፤ የራስ ምታት መድኃኒት። ስልኮቹን ሌሊት ደረታችን ውስጥ ይዘን እንተኛለን፤ ብርድ ቻርጁን ይጨርሰዋል።

መልስ ካልኩ አይቀር፣ ያለፈውን ክርክራችንን ላንሳ። «የሰው ሰርግ ስበላ ኖሬ ልጄን በባዶ አልድርም» ብለዋል። እውነትዎን ነው፤ በዚህ አልከራከርዎትም። ማክሰኞ ቤት እንገባለን፤ ረቡዕ ካልነው ጾም ነው። እድርተኛውና ጎረቤቱ ይጠራ። ሁለት በግ፣ የአክስቴ ጠላ፣ እስከ በረካ ድረስ ቡና፣ በጀበና። ድንኳን የለም፤ ብድርም የለም። ገንዘቡን እኔና እሱ አጠራቅመናል። አንዲት ዶሮ እንኳ እንዳይሸጡ።

የአንቱ ድርሻ ቅዳሜ ጠዋት ነው። እስከ አሸተን ማርያም ድረስ አብረውን ይውጡ። በእግርዎ አላልኩም፤ አንዷን በቅሎ ለአንቱ ብቻ እከራያለሁ። ጉልበትዎ ከፈቀደ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ካልፈቀደ ከገደሉ ሥር እናርፋለን። እዚያ ይመርቁንና ማሙሽ ይዞዎት ይወርዳል። ከዚያ በላይ ያለውን በደንብ አይቼ መጥቼ እነግርዎታለሁ። እስከ ዛሬ የነገሩኝ አንቱ ነበሩ።

የበቅሎ ኪራዩን ግን አንቱ ይነጋገሩልኝ። እኔ በስልክ ስጠይቅ ከአዲስ አበባ መሆኔን ሰምተው የጠሩት ዋጋ በቅሎዋን የሚገዛ ነው። ጀርባዋ በጭነት የማይቆጣ ትሁን፤ ከ50 ኪሎ አላስበልጥባትም። መጫኛው ያለን የድሮው ይሁን፤ ናይለን ገመዱ ይቆርጣታል።

«ጭነት የሚጥለው ክብደት ሳይሆን ማዘንበል ነው» ብለውኝ ነበር። እዚህ ቤቴ ውስጥ ሁለት ከረጢት ሞልቼ በሚዛን አየሁት፤ እኩል ነው። በእጄ ሳነሳው ግን እኩል አይመስለኝም። አርብ ማታ ግቢው ውስጥ ዘርግቼ እጠብቅዎታለሁ። የግራው የከበደ ይመስለኛል።

ልጅዎ