ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ከርመሻል? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። አባትሽን ጉልበቱን ያመዋል፤ ቢሆንም ጠዋት ጠዋት ፍቅር ሐይቅ ድረስ በእግሩ ደርሶ ከመመለስ ያገደው የለም። ይህን ደብዳቤ ከዕቃው ጋር የምታደርስልሽ የጎረቤታችን እህት ናት። ሻንጣዋ ሲመዘን ኪሎው አልፎ ስለተገኘ ሽሮው ተቀንሶ ዳንቴሉ እንዲገባ የወሰንኩት እኔ ነኝ። እንዳትቀየሚኝ። ሽሮ እዚያም ይገኛል ብለሽኛል።

ባለፈው በስልክ ያነሣሽው ነገር ከሐሳቤ አልወጣም። «እማዬ፣ ይህ ሁሉ ዳንቴል ቁም ሣጥን ውስጥ ከሚከማች ለምን አትሸጭውም? ፎቶውን ላኪልኝና እኔ ገዢ ልፈልግ» አልሽኝ። ለእኔው አስበሽ መሆኑን አውቃለሁ። ያን ዕለት ዝም ያልኩት ነገሩ በሚቆራረጥ ስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው።

ሒሳቡን እናስቀድም። አንድ መካከለኛ የጠረጴዛ ልብስ በቀጭን የጥጥ ክር ሲሠራ ክረምት ተጀምሮ ለመስቀል ከደረሰ ጥሩ ነው። የእጄንና የዓይኔን ድካም ትቼ የክሩን ዋጋ ብቻ ባስብ እንኳ ገበያ ላይ ከተሰቀለው የፋብሪካ ሥራ ይበልጣል። ገዢዋ መጥታ፣ አገላብጣ አይታ፣ «ትንሽ አይቀንስም?» ትላለች። ያን ጊዜ ምን እንደምመልስ አንቺ ታውቂኛለሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ዳንቴል ከምንሠራው ከእኛ መካከል የምትሸጥ የለችም ማለቴ አይደለም። የማሙሽ እናት ለሙሽሮች የአልጋ ልብስ በትእዛዝ ትሠራለች፤ ልጆቿንም ያስተማረችው በዚሁ ነው። ከሁላችን እጀ ቀልጣፋዋ እሷ ናት። ቅዳሜ ስትመጣ ግን የትእዛዙን ሥራ ቤቷ ትታ ሌላ ይዛ ትመጣለች። «ቀን የተቆረጠለት ሥራ ወሬ አያስወራም» ትላለች።

የእኛ ቅዳሜ ደግሞ ያለ ወሬ ምኑም አይደለም። ከምሳ በኋላ በየተራ በአንዳችን ቤት እንሰበሰባለን፤ ቡናው የተረኛዋ፣ ክርና ኪሮሹ፣ ያ የዳንቴል መሥሪያ መንጠቆ፣ የየራሳችን። ጡረታ የወጣችው የታሪክ መምህርት አለች። ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፍቼ ጫምባላላ ቡርሳሜውን፣ ያን የእንሰት ምግብ፣ በሸክላው ሻፌታ አቅርባ የምታበላን የታቦር ሰፈሯ ወይዘሮ አለች። አሞራ ገደል ዓሣ የምትጠብሰውም አለች፤ እሷ እጇን በሳሙና ታጥባ፣ በሎሚ አሽታ፣ አሽትታ ሳታረጋግጥ ነጭ ክር አትነካም። አቦሉ እስኪቀርብ ሥራ መተያየት ነው፤ ማን ምን ያህል ገፋች፣ ማን ተሳስታ ፈታች። ቶና ላይ የዘይትና የሽንኩርት ዋጋ ይነሣል፣ የቤት ኪራይ ይነሣል፣ የየሰዉ ምራት ትነሣለች። በረካ ላይ የተባለው እዚያው ይቀራል።

እኔ ከዚህ ሁሉ የምወደው ይህን የመጨረሻውን ነው። ሰው ዓይን ለዓይን እየተያየ የማይወጣው ነገር አቀርቅሮ ጥልፍ ሲቆጥር ይወጣል። አንድ ቀን ከመካከላችን አንዷ፣ ማን እንደሆነች አልነግርሽም፣ ቆጠራዋን ሳታቋርጥ «ሰባት፣ ስምንት፣ ልጄ ከደወለ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ዘጠኝ» አለች። ማናችንም ቀና አላልንም። ቀና ብንል ኖሮ ነገሩን ወደ ቀልድ ትመልሰው ነበር። አጠገቧ ያለችው ብቻ መቀስ የምትፈልግ መስላ ወንበሯን ጠጋ አደረገች። ከዚያ ቀስ በቀስ ሌላው ሁሉ መጣ። ይህ ነገር ዋጋ ወጥቶለት ፎቶ ተነሥቶ የሚላክ አይደለም፤ ዳንቴሉ ግን ከዚህ የሚተርፍ ነገር ነው።

ሰሞኑን ትንሽ ልጅ ጨምረናል። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋ የነበረች ናት። ፓርኩ በ2008 ሲከፈት ከየገጠሩ የመጡ ልጃገረዶች ሰፈሩን ሞልተውት እንደነበር ታስታውሻለሽ። አገራችን በ2014 ከአጎዋ፣ ማለትም ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከመላክ ዕድል፣ ስትወጣ ሥራቸውን ካጡት አንዷ እሷ ነበረች፤ አሁን ከአንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ተቀጥራለች። በፋብሪካ ሳለች ቀኑን ሙሉ የምትሰፋው የሸሚዝ ኮሌታ ብቻ ነበር፤ እጅጌው የሌላ፣ ቁልፉም የሌላ። ኪሮሽ ያስጨበጥናት ዕለት «ይህን እስከ መጨረሻው እኔው ነኝ የምሠራው?» ብላ ጠየቀች። ሁላችንም ሳቅን። መምህርቷ ግን «ምኑ ነው የሚያስቀው?» ብላ ዝም አሰኘችን።

ያስጀመርናት በክብ ነው። ጥቂት ሰንሰለት ሠርታ ጫፍና ጫፉን ገጠመች፤ በመሐሉ 6 አጭር ጥልፍ አስገባች። በሁለተኛው ዙር በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት ሲሠራ 12 ይሆናል፤ ቀጥሎ 18፣ ከዚያ 24። በየዙሩ 6 መጨመር ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። መጨመሩን ስትዘነጋ ጠርዙ ወደ ላይ ተነሥቶ የሕፃን ቆብ ወጣላት። ተናድዳ አብዝታ ስትጨምር ደግሞ ዙሪያው ተርገበገበ። የማሙሽ እናት ያለ ምንም ንግግር ክሩን ስባ እስከ ሦስተኛው ዙር ፈታችውና መልሳ ሰጠቻት። ልጅቷ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠፍጣፋ፣ ንጹሕ፣ የስኒ ማስቀመጫ የሚያህል ክብ ይዛ መጣች፤ በሩ ላይ እንደቆመች ከቦርሳዋ አውጥታ ነው ያሳየችን።

እሷው ናት አንድ ቀን «ይህን እኮ ማሽን በደቂቃ ይጨርሰው ነበር» ያለችው። መምህርቷ የምትጠብቃት ይመስል ሥራዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። የሹራብ ማሽን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1589 ዊልያም ሊ የሚባል እንግሊዛዊ እንደሠራ፣ እውነተኛውን የኪሮሽ ሥራ ግን ዛሬም ፋብሪካ እንደማያወጣው ነገረችን። ነገሩ ሲብራራ ይገባል። ሹራብ ላይ ጥልፎቹ በሙሉ መርፌው ላይ ተሰልፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ኪሮሽ ላይ መንጠቆሽ የያዘው አንዲት ጥልፍ ነው፤ ቀጣዩን የምታስገቢበትን ቀዳዳ ከታችም ከጎንም መርጠሽ የምታገኚው በዓይንሽና በእጅሽ ነው። በየሱቁ የሚሸጠው የፋብሪካ ዳንቴል በሌላ መንገድ የተሠራ አምሳያ ነው። ልጅቷ ይህን ስትሰማ ክቧን አንሥታ እንደገና አየቻት።

መምህርቷ አንዴ ከጀመረች አታቆምም፤ የአየርላንድንም አወራችን። በአውሮፓውያኑ 1840ዎቹ ድንቹን በሽታ አጥፍቶት አገሩ ሲራብ መነኮሳይያት ኪሮሽ እያስተማሯቸው፣ ብዙ ሴቶች ዳንቴል ሠርተው እየሸጡ ቤተሰባቸውን ከሞት አተረፉ አለች። አሁን «እንግዲያው እናንተስ?» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። እነሱ የሸጡት ርቧቸው ነው። እኛን አምላክ ይመስገን፣ አንቺም ተባረኪ፣ አልራበንም።

አባትሽ የአንቺ ወገን ነው። «በዚህ ቤት ዳንቴል ያልለበስኩ እኔ ብቻ ነኝ» እያለ ለእንግዳ ሁሉ ያማኛል። የድሮው ቴሌቪዥን ባለ ትልቅ ጀርባ ስለነበር ዳንቴሉ ተደላድሎ ይቀመጥበት ነበር፤ ይህ ቀጭኑ ከመጣ ወዲህ ባስቀመጥኩት ቁጥር ይንሸራተትና ዜናው መሐል ይወርዳል። አባትሽ አንሥቶ፣ አጥፎ፣ ያለ አንዲት ቃል ጭኔ ላይ ያስቀምጥልኛል።

የላክሁልሽ የትንሽ ጠረጴዛ ልብስ ነው። ለብ ባለ ውኃ በእጅ እጠቢው፤ አትጠምዝዢው። ፎጣ ላይ ዘርግተሽ ዙሪያውን በስፒል ወጥረሽ ይድረቅ። በስኳር ውኃ የሚያደርቁ አሉ፣ ጉንዳን ለሚወደው ቤት አይሆንም፤ ስታርች ይሻላል። ከሥሩ የተጀመረ ክብ፣ ክርና አንድ ኪሮሽ ታገኛለሽ። እሱ የአንቺ ነው። በሥራ ቦታሽ በምሳ ሰዓት ሹራብ የምትሠራ ሴት እንዳለች አንድ ጊዜ ነግረሽኝ ነበር። ብቻሽን መኪና ውስጥ ከምትበዪ እሱን ይዘሽ አጠገቧ ተቀመጪ። ቋንቋው ግድ የለም፤ ሥራሽን ስታበላሺ ራሷ ታናግርሻለች።

ከምትልኪልኝ ገንዘብ ይልቅ የምፈልገው ሌላ ነው። የብረት ኪሮሽ 1.25 እና 1.5 ሚሊሜትር፣ ከየዓይነቱ ለሁላችንም የሚበቃ ላኪልን። እዚህ የምናገኘው ወይ ወፍራም ነው፣ ወይ አፉ ሻካራ ሆኖ ክር ይሰነጥቃል።

የቅዳሜዎቹ ሁሉ ሰላም ብለውሻል። የማሙሽ እናት የአንቺን የአልጋ ልብስ ክር በነጭ ትግዛው ወይስ በክሬም፣ እንድትነግሪያት ጠይቂልኝ ብላለች። እኔ ምንም አላልኩም።

እናትሽ፣ ከሐዋሳ