ፔርሙዙ ይምጣ፣ ኩባያው ግን ለየብቻ

ለተማሪዎቻችን ወላጆችና አሳዳጊዎች
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ

እንደምን ሰነበታችሁ? የጥቅምት ብርድ ገብቷል። ጠዋት ሰልፍ ላይ ከመዝሙሩ ይልቅ ሳሉ ይሰማል።

ባለፈው ሳምንት በእረፍት ሰዓት ሁለተኛ ክፍል ጎራ አልኩ። አንዲት ልጅ የዝንጅብል ሻይ በፔርሙዝ ይዛ መጥታለች። በክዳኑ እየቀዳች ለአምስት ጓደኞቿ ታዞራለች። አንዱ ፉት ይልና ለቀጣዩ ያቀብላል። ደግነቷ አንጀት ይበላል። ጉንፋኑም ግን አብሮ ዞረ፤ ሰኞ ዕለት ከስድስቱ አራቱ ቀሩ።

ሻዩን አልከለክልም፤ እኔም ቤት ይፈላል። አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል ተልጣ ትወቀጣለች። ከቀረፋና ከሁለት ሦስት ፍሬ ቅርንፉድ ጋር 10 ደቂቃ ትንተከተካለች። ጦስኙን የምጨምረው እሳቱን ካጠፋሁ በኋላ ነው፤ አብሮ ከተንተከተከ መዓዛው ለማድቤቱ ይቀራል። ሎሚና ማር መጨረሻ ላይ፣ ለብ ሲል። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ቤት ውስጥ ካለ ግን ማር በፍጹም አይቅመስ። ነጭ ሽንኩርት ያለበትን ደግሞ እባካችሁ ማታ ቤት ይጠጡት፤ አጠገባቸው የሚቀመጥ ልጅ አለ።

ሻዩ ጉሮሮ ያለሰልሳል እንጂ ጉንፋኑን አያባርርም። ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከሳምንት እስከ 10 ቀን ቆይቶ በራሱ ይሄዳል። ካለፈው ሕመም የተረፈ አሞክሳሲሊን ለቫይረስ ምንም አይሠራም፤ አትስጧቸው።

ዳማከሴ እኔም ያደግሁበት ነው። ቢሆንም ጭማቂውን ወደ ትምህርት ቤት አትላኩ። መምህራን ለየትኛው ልጅ ምን ያህል እንደሚሰጥ ሊያውቁ አይችሉም።

ሻይ ስትልኩ ለብ ያለ ይሁን። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የልጅ ምላስ ለማቃጠል ግን ይበቃል። ስሙ የተጻፈበት የራሱ ኩባያም ይኑረው። ትኩሳት ያለው ልጅ ቤቱ ይረፍ፤ የቀረበትን ትምህርት እናካክስለታለን። ትንፋሽ ካጠረው ወይም ትኩሳቱ አልወርድ ካለ ሻይ አትጠብቁ፣ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ያቺ ልጅ ተሽሏታል። ትናንት ከፔርሙዟ ጋር ስድስት የፕላስቲክ ኩባያ ይዛ መጣች።

ከአክብሮት ጋር
ርዕሰ መምህሩ