ለቲማቲም ብለሽ በቀትር አትውጪ

ልጄ ሚሚዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ዓይኔ ከቀን ወደ ቀን እየጠራ ነው። ሐኪሙ ግን አትጎንበስ፣ ከባድ ዕቃ አታንሳ፣ ከአቧራና ከንፋስ ራቅ ብሎኛል። በግንቦት ይሄ ማለት አዳማ አትሂድ ማለት ነው። ስለዚህ እዚሁ አዲስ አበባ ትንሽ እቆያለሁ። ይህንንም እኔ እየተናገርኩ አክስትሽ ናት የምትጽፍልኝ።

ትናንት የአጥር ማዶዋ ጎረቤታችን ደወለችልኝ። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ፣ ያለ ሻሽ ያለ ጥላ፣ የውሃ ጎማ ይዘሽ ጓሮ ቆመሽ አይታሻለች። ማታም ራስሽን አሞሽ እራት ሳትበዪ ተኝተሻል። ለእኔ ግን በስልክ "ጓሮው ሰላም ነው አባዬ" አልሽኝ። ጓሮውን አደራ ስልሽ ራስሽን ጥለሽ ጠብቂው አላልኩሽም። በቀትር አትውጪ።

ቲማቲሙ ቅጠሉ ሲጠወልግ አይተሽ አንጀትሽ እንዳልቻለ አውቃለሁ። እናትሽም እንደዚያው ነበረች። ስሚኝ ግን። በቀትር የጠወለገ ሁሉ የተጠማ አይደለም። ፀሐይዋ ስትበረታ ቅጠሉ የሚያጣው ውሃ ሥሩ ከሚስበው ይበልጣል፣ አፈሩ ርጥብ ቢሆንም። ፀሐይ ዘንበል ስትል ራሱ ይነሳል። የሚታየው ጠዋት ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወጥተሽ ያኔም አንገቱን ደፍቶ ካገኘሽው፣ እሱ ጠምቶታል። ጣትሽንም ወደ አፈሩ ስደጂ። ከላይ ደርቆ ከሥር ርጥብ ከሆነ ተይው።

ይሄን የተማርኩት ከአያትሽ ነው። እንደምታውቂው ወንጂ ሸንኮራ አገዳ ውሃ አጠጪ ነበር። የስኳር ፋብሪካው ሥራ የጀመረው በ1946 ነው፤ እሱ ገና ጎረምሳ ሳለ ገብቶ፣ ፋብሪካውን ባቋቋሙት በሆላንዶቹ ጊዜ ሠርቷል። የአዋሽን ውሃ በቦይ እየመራ፣ ተራው ሌሊት ሲሆን ፋኖስ ይዞ ያድር ነበር። ከቤታችን ጀርባ ደግሞ የራሱ የቃሪያ መደብ ነበረው። አንድ ሚያዝያ፣ እሁድ ቀን፣ ምሳ በልተን ጋደም ባልንበት ቃሪያው ጠወለገ ብሎ ወጣ። ቆየ። እናቴ ስትሄድ መደቡ ላይ ወድቆ አገኘችው። ሰውነቱ እሳት ነበር፣ ላብ የሚባል የለውም፣ ማን እንደሆነች እንኳ አላወቃትም። ጎረቤት ተጠራርቶ ጥላ ሥር ጎተቱት። ነጠላዋን ውሃ ነክራ አለበሰችው፣ እያራገቡለት ወደ ክሊኒክ ወሰዱት።

ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ግን ፀሐይ ሲነካው ያዞረው ነበር። የሚወደውን የውሃ ሥራ ትቶ ዘበኛ ሆነ። የዚያን ዕለት ማታ ከክሊኒክ ስንመለስ መደቡን አየሁት። ማንም ጠብታ አልሰጠውም። ቃሪያው በሙሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ይሄን ጓሮ ሳያይልኝ መሞቱ ሁሌ ይቆጨኛል። ሎሚዬን እንዴት በወደዳት ነበር። እኛ ቤት የሚሠራው ሁሉ የእሱ ነው፤ እኔ ከራሴ የጨመርኩት የለም። ብቻ አንቺ የእሱ ልጅ ልጅ ነሽና በቀትር አትውጪ።

የምታደርጊውን ልንገርሽ። ማጠጣት ማለዳ ነው። ማለዳ ካመለጠሽ ከ11 ሰዓት በኋላ። ፀሐይ ላይ የዋለ ጎማ ውስጥ ያለው ውሃ ችግኝ ያቃጥላል፣ መጀመሪያ የሚወርደውን ባልዲ ውስጥ አጠራቅመሽ አቀዝቅዢው። ቅጠል ላይ ሳይሆን ሥሩ ላይ አፍስሺ። ፓፓያውንና ሎሚዋን በየቀኑ ላዩን አታርጥቢ፤ በየሦስት በየአራት ቀኑ ጠልቆ እስኪገባ ጠጥተው ይረፉ። ያችን ዘንድሮ የተተከለችውን አቮካዶ ግን በየማለዳው እያት። የእኛ አፈር አሸዋማ ስለሆነ ውሃ አይዝም፣ ንፋሱም የቀረውን ይወስዳል። ስለዚህ ከበረንዳው ሥር ያለውን የጤፍ ጭድ አውጥተሽ አራት ጣት ያህል አልብሺው። ግንዱን አታስነኪ፣ ይበሰብሳል።

ቲማቲሙ ቂጡ ጠቁሮ ካየሽ መድኃኒት ልግዛ እንዳትዪ። አንድ ቀን አጥለቅልቀሽ ሦስት ቀን ስትረሺው የሚመጣ ነው። አበባው ቢረግፍም ሙቀቱ ነው፣ ያልፋል። የዶሮ ኩስ አሁን አትጨምሪ፣ ያቃጥላል። ሎሚዋንም አትግረዢ፣ ጥላዋን ካጣች ልጧን ፀሐይ ይመታዋል። ለቆስጣው ከምዕራብ በኩል ጆንያ ወጥሪለት፣ በደንብ እሰሪው፣ የአዳማን ንፋስ ታውቂዋለሽ።

ውሃ ሲጠፋ የልብስ ማለቅለቂያውን ለፓፓያው ስጪ። በረኪና ያለበትን ግን ድፊው። ቆስጣና ሰላጣ ላይም አይደረግ።

በርሜሉ! ክዳኑን አጥብቀሽ ዝጊ። በዚህ ሙቀት ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር ሳምንት ገደማ ይበቃታል። ወንድምሽ ባለፈው ወባ ይዞት እንዴት እንደሆነ አይተሻል። አጎበሩንም አንሥታችሁ ጠቅልላችሁ እንደሆነ መልሱት።

እኔ የተቆጣሁ እንዳይመስልሽ፣ የእኔ እናት። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቲማቲም ከገበያ ይገዛል። ሁሉም ይድረቅ፣ ሎሚዋም ጭምር ትድረቅ፣ በቀትር አትውጪ።

ራስሽን ዳግም ካመመሽ፣ ካቅለሸለሸሽ ወይም ካዞረሽ ጥላ ውስጥ ግቢ፣ ውሃ ቀስ እያልሽ ጠጪ፣ ለጎረቤታችን ንገሪያት። ካልተሻለሽ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ውሰጂኝ በያት። ገንዘብ ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ከአልጋ ልብሱ ሥር አለ። ሰፊው የገለባ ባርኔጣዬ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል፣ እሱን አድርጊ። ዛሬ ማታ 1 ሰዓት ላይ እደውላለሁ፣ ስልክሽን ቻርጅ አድርገሽ ጠብቂኝ። መጀመሪያ የምጠይቅሽ እራት በልተሽ እንደሆነ ነው።

አባትሽ