በሩ ክፍት ከሆነ ነይ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ገና ሊደርስ አሥር ቀን ቀርቶት፣ አንቺ ትመጪያለሽ ተብሎ ማቀዝቀዣው ከአሁኑ በዶሮና በቅቤ ተሞልቷል። ለእኔ የጾም ሽሮ ቦታ ጠፍቷል።

ባለፈው በስልክ ስናወራ "አባዬ፣ ሜትዮሮሎጂ ተቀጠርክ እንዴ?" ብለሽ ሳቅሽብኝ። እኔም ሳቅሁ። እውነትሽን ነው። ኤለንስበርግ ሥራ ከጀመርሽ ወዲህ በየጠዋቱ ስለ በረዶ ነው የማወራሽ። የሌሊት ተራ አድረሽ ልትተኚ ስትይ፣ እኔ ስለ ነፋስ አቅጣጫ እጀምራለሁ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ "እሺ አባዬ፣ እሺ" ትያለሽ። "እሺ" ሁለቴ ከተባለ አልተሰማም ማለት ነው። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። ደብዳቤ ላይ አታቋርጪኝም።

እኔ ደብረ ሲና እንዳደግሁ ታውቂያለሽ። ከታች ፀሐይ ሆኖ፣ ሴቶቹ ቆሎ እየሸጡ፣ ሰው በሸሚዝ እየሄደ፣ ጣርማ በር ላይ ጉሙ የመኪና አፍንጫ አያሳይም። ረዳት ወርዶ ከፊት እየሄደ ለሹፌሩ መንገድ ሲያሳይ በዓይኔ አይቻለሁ። ያኔ ትንበያ የሚባል ነገር ማንም አያነብም። ሹፌሮቹ ግን አንድ ዘዴ ነበራቸው። ሽቅብ ከመውጣታቸው በፊት ከላይ የሚወርደውን መኪና አስቁመው ይጠይቁታል። "በሩ እንዴት ነው?" አገራችን እንዲህ ዓይነቱን የተራራ ማለፊያ "በር" ይለዋል። እዚህ "ፓስ" ይሉታል። እኔ የኛን እመርጣለሁ። በር ይከፈታል፣ በር ይዘጋል።

አንቺ ከተራራው ማዶ ኤለንስበርግ፣ እኛ ሲያትል አጠገብ ሊንዉድ ነን፤ መካከላችን ያለው በር ስኖኳልሚ ነው። ከፍታው 3,022 ጫማ፣ በሜትር 921 ነው። ለጣርማ በር ልጅ ይሄ ጉብታ ነው። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ብዬ ንቄው ነበር። ወደዚያ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልበልሽ። "ክረምት" የሚለው ቃላችን ለሲያትል ልክክ ያለ ነው። አገር ቤት ክረምት ማለት ሐምሌና ነሐሴ፣ ዝናብና ጭቃ ነው። ሌላ ከተማ ያሉ ሐበሾች ቅዝቃዜውን ክረምት ሲሉት ቃሉን ትንሽ ጎትተው ነው። እዚህ ግን ዝናቡም ብርዱም አንድ ላይ ነው የሚመጣው። በሐምሌና በነሐሴ ጠብ አይልም። ከጥቅምት በኋላ ነው ሰማዩ የሚቀደደው። መቀደድ ስልሽም ካፊያ ነው። ሰው ሲያትል የዝናብ አገር ነው ይላል እንጂ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚጥለው ቢደመር አንድ ሜትር ቢሞላ ነው። አዲስ አበባ ከዚያ በላይ ታገኛለች። ልዩነቱ አዲስ አበባ ዶፉን አውርዳ ትገላገላለች። ሲያትል ወር ሙሉ ታለቃቅሳለች።

ተራሮቹ ደግሞ ዝናቡን እንደፈለጉ ያከፋፍሉታል። ከፓሲፊክ የሚመጣው እርጥብ አየር ከሲያትል በስተምዕራብ ያሉትን ኦሎምፒክ ተራሮች ሲወጣ ይቀዘቅዝና ያለውን ያራግፋል። ከተራሮቹ በስተምዕራብ ያለው የሆ ጫካ በዓመት 3 ሜትር ተኩል ያህል ይዘንብበታል። ከዚያ መቶ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ፣ ከተራሮቹ ጀርባ ያለችው ሴኩዊም የምታገኘው 400 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ከዚያ የእኛን ባሕር ተሻግሮ በሩ ያለበት ካስኬድ ተራሮች ላይ እንደገና ያራግፋል። አንቺ ጋ ሲደርስ ባዶውን ነው። ኤለንስበርግ በዓመት 230 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው የምታየው።

የምፈራውም ይሄንኑ ነው። አንቺ ያለሽበት ሰማይ ጥርት ይላል። መስኮት ከፍተሽ "ኧረ ምንም የለም" ትያለሽ። በዚያው ሰዓት በሩ ላይ ጉልበት የሚደርስ በረዶ እየወረደ ሊሆን ይችላል።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። ስድስት ዓመትሽ ነበር። ከበሩ ማዶ ስፖካን ከተማ ክርስትና ተጠርተን እናትሽ ወጥ ልትሠራ ቀድማ ሄዳለች። እኔና አንቺ ቅዳሜ ከሰዓት ተነሣን። ስልኬን ሳየው 38 ዲግሪ ፋራናይት፣ ዝናብ ይላል። ውሃ በረዶ የሚሆነው 32 ላይ ነው። ስለዚህ በረዶ ላይ ጎማው እንዳይንሸራተት የሚታሰረው ሰንሰለት ምን ያደርጋል ብዬ ጋራዥ ትቼው ወጣሁ። ስልኬ የነገረኝ ግን ስለ ኖርዝ ቤንድ ነው። ኖርዝ ቤንድ ከተራራው ሥር ናት፣ 440 ጫማ ገደማ። በሩ ከዚያ 2,600 ጫማ ያህል ሽቅብ ነው። እርጥብ አየር በየ1,000 ጫማው ወደ 3 ዲግሪ ተኩል ይቀዘቅዛል። ሲሰላ 9 ዲግሪ ይቀነሳል። 38 የነበረው 29 ሆነ ማለት ነው። ይሄን ሒሳብ ያኔ አላውቅም።

ዝናቡ መጀመሪያ ወፈረ። ቀጥሎ ነጣ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። እሱን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳውም። መኪናዋ ዞረች። ብሬክ ረገጥኩ፣ ባሰባት። ፊታችን ወደመጣንበት ዞሮ መንገድ ዳር የተቆለለው በረዶ ላይ ተደግፈን ቆምን። ከኋላችን የነበረው ከባድ መኪና በቀኝ በኩል እየተንጋጋ አለፈን። አንቺ ከኋላ ተኝተሻል። "ደረስን?" አልሽኝ። "አልደረስንም፣ ተኚ" አልኩሽ። እጄ እየተንቀጠቀጠ መሪውን መልቀቅ አቃተኝ።

ለእናትሽ ጎማ ተንፍሶብን ነው የዘገየነው ብያታለሁ። ይሄን ደብዳቤ ማንበቧ አይቀርም። ይሁን፣ ጊዜው አልፏል።

ከዚያ ወዲህ ነው የአየር ትንበያ ማንበብ የተማርኩት። ስልክሽ ላይ ያለችው ደመና አንድ ቁጥር ሰጥታሽ ዝም ትላለች። ጥርጣሬዋን አትነግርሽም። የብሔራዊ አየር ትንበያው የሲያትል ቢሮ ግን ባለሙያዎቹ በየቀኑ የሚጽፉት ሐተታ አለው። ተራ ጽሑፍ ነው፣ ሥዕል የለውም። እዚያ ላይ "እርግጠኛ አይደለንም"፣ "የአሜሪካው የኮምፒውተር ሞዴል እንዲህ ይላል፣ የአውሮፓው እንዲያ" ብለው ይጽፋሉ። እኔ የማምነው እንዲህ ያለ ሰው ነው። አላውቅም ማለት የሚችል።

እዚያ ስትገቢ የምትፈልጊው "ስኖው ሌቭል" የሚለውን ነው። ዝናቡ ከየትኛው ከፍታ በላይ በረዶ ይሆናል ማለት ነው። 5,000 ጫማ ካሉ በሩ ላይ ዝናብ ነው። 2,000 ካሉ ነጭ ነው። 3,000 ካሉ እንኳንስ አንቺ እነሱም አያውቁም፣ ቁጭ በይ። ቃሉ በእንግሊዝኛ መሆኑ አይግረምሽ። በአማርኛ ከሰማይ የሚወርደውንም፣ ኮካ ውስጥ የሚገባውንም በረዶ እንላለን። "አመዳይ" የሚል ጥሩ ቃል ነበረን፣ ከመዝሙረ ዳዊት በቀር የሚጠራው የለም።

ስኖኳልሚ ላይ ግን አንድ ተንኮል አለ። ቀዝቃዛው አየር ከእናንተ በኩል፣ ከምሥራቅ፣ በበሩ ሾልኮ ይገባል። ከላይ ሞቅ ያለ የባሕር አየር ይጋልበዋል። ያኔ ውሃ ሆኖ ይወርድና አስፋልቱን ሲነካ መስታወት ይሆናል። ሰንሰለትም ብዙ አይረዳሽም። "ፍሪዚንግ ሬይን" የምትል ቃል ካየሽ ጉዞ የለም። ዶሮው ይቆይ።

ቀኑንም ነገር ልንገርሽ። ከአሥር ቀን በፊት ስኖው ይጥላል ካሉሽ ሳቂ። አምስት ቀን ሲቀረው ጆሮሽን ጣል አድርጊ። "ዋች" ካሉ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው፣ ፈረቃሽን ማን እንደሚይዝልሽ ጠይቂ። "ዋርኒንግ" ካሉ መጣ፣ ወይም ደጅ ላይ ነው። (እኔ የገናን ትንበያ አሥር ቀን ሲቀረው፣ ዛሬውኑ አይቼዋለሁ። የሳቅሁት ግን በራሴ ነው።)

ደግሞ ትንበያ የሚሠሩትን ቶሎ አትፍረጂባቸው። አየሩ የሚመጣው ከውቅያኖስ ነው፣ እዚያ እንደልብ የመለኪያ ጣቢያ የለም። እስከ ፈረንጅ 2011 ድረስ እኮ ኦሎምፒክ ተራሮች የራዳሩን ዓይን ጋርደውት ከባሕር የሚመጣውን በደንብ አያዩም ነበር። በዚያ ዓመት ነው ዳርቻው ላይ ላንግሊ ሂል የሚባል ጉብታ ላይ ሌላ ራዳር የተተከለው። ሲያትል ላይ ስኖው እንዲጥል ደግሞ ሁለት እንግዶች እኩል መድረስ አለባቸው። ብርዱ ከካናዳ በፍሬዘር ወንዝ ሸለቆ ይመጣል፣ ደረቅ ነው። እርጥበቱ ከባሕር ይመጣል፣ ሞቃት ነው። አንዱ ሦስት ሰዓት ከዘገየ ድግሱ ተበላሸ። ከተገናኙ ግን በፈረንጅ የካቲት 2019 እንዳየነው ነው። ኤርፖርቱ በዚያ ወር ብቻ 51 ሴንቲ ሜትር ለካ። እኔ መኪናዬን ቆፍሬ ያወጣሁት በስንት ቀኑ ነው።

የኛ ሊንዉድ እንኳን የራሷ ጠባይ አላት። ነፋሱ ኦሎምፒክ ተራሮችን በግራና በቀኝ ዞሮ ይመጣና ብዙ ጊዜ እኛ ጣሪያ ላይ ነው የሚጋጨው። ኤርፖርት ተሳፋሪ አውርጄ "ደረቅ ነው" ስላት፣ እናትሽ "ደጁ ነጭ ነው" ትለኛለች። ሁለታችንም እውነታችንን ነው።

የ2014ቱን ገና ታስታውሺያለሽ? በፈረንጅ ጥር 2022። አጎትሽ በከባድ መኪናው ፖም ጭኖ ከያኪማ እየመጣ ነበር። ዋዜማው ላይ ስኖኳልሚ፣ ስቲቨንስ፣ ኋይት፣ ብሉዌት፣ አራቱም በሮች ተዘጉ። በረዶው በላይ በላዩ ወርዶ ተራራው ሊናድ ይችላል ተባለ። በማግስቱ፣ በገና ቀን፣ ከሲያትል በስተደቡብ ቸሄይሊስ አካባቢ ያለው ትልቁ አውራ ጎዳና ደግሞ በጎርፍ ተዘጋ። ያው አንድ ማዕበል ነው፣ ከላይ በረዶ፣ ከታች ጎርፍ። አጎትሽ ኤለንስበርግ ማደያ ውስጥ ቀናት ተቀመጠ። ያን ሁሉ ቀን የጾመውን ጾም በማደያ የተቀቀለ እንቁላል ፈታው። አሁንም የእንቁላሉን ስም ስትጠሪበት ይናደዳል። እናትሽ የእሱን ድርሻ ዶሮ በዕቃ ለይታ አስቀምጣ ሲመጣ አሞቀችለት፣ እሱም ሦስት እንጀራ በላ። ምንም አልቀረበትም።

አጎትሽ ያን ቀን ሬዲዮኑን ሰምቶ ከበሩ በፊት ያለችው ክሊ ኤለም ሳይደርስ ባይቆም ኖሮ በሩ ላይ ይታሰር ነበር። እሱ አያነብም፣ ሰው ይጠይቃል። የጣርማ በር ልጅ ነዋ።

አንቺም ክሊ ኤለም ላይ ቁሚ። ቡና ግዢ። የክፍለ ሀገሩ የመንገድ መሥሪያ ቤት በሩ ላይ ካሜራዎች አሉት፣ ስልክሽ ላይ ክፈቻቸው። የሰዓት በፊቱን ምስል ሳይሆን የአሁኑን እዪ። አስፋልቱ ጥቁር ነው? መኪኖቹ ጭንቅላታቸው ላይ በረዶ ተሸክመው ነው የሚወርዱት? ከላይ የሚመጣውን መጠየቅ ማለት ይሄ ነው። ሰንሰለት ግዴታ ነው የሚል ምልክት በርቶ ያለ ሰንሰለት ካለፍሽ ቅጣቱ እስከ 500 ዶላር ነው። ግን ስለ ቅጣቱ አይደለም የምለው፣ ታውቂያለሽ።

አንድ ነገር ረስቼ። ጀበናሽንና ከሰል ማንደጃሽን ይዘሽ ሄደሻል አሉ። በፈረንጅ ታኅሣሥ 2006 በነፋሱ ማዕበል ለቀናት መብራት ሲጠፋ ከሰል ቤት ውስጥ አንድደው በጭሱ የሞቱ ሰዎች ነበሩ። ብዙዎቹ የተመረዙት እንደኛ ስደተኞች ናቸው። መብራት ቢጠፋ ቡናው ይቅር። ብርድ ልብስ ደርቢ።

ሰንሰለቱን ከመኪናሽ ኋላ፣ ከትርፍ ጎማው አጠገብ በሰማያዊ ከረጢት አድርጌልሻለሁ። በጥቅምት ስትመጪ ነው ያስገባሁት፣ አላየሽውም አይደል? ከዚህ ሳምንት ሥራ የማትገቢበት አንድ ቀን ቤትሽ ደጅ ላይ፣ በደረቁ፣ አንዴ ግጠሚውና ፍቺው። በጨለማ፣ በዝናብ፣ ተንበርክኮ መማር አይቻልም። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ጓንት የአጎትሽ ነው፣ ይፈልገዋል።

አባትሽ